ዘጠና አንድ ላይ የፈላው ውሃ

የዚያን ቀን ምድጃው የኔ ነበር። ድስቱም ከሰሉም የኔ። ሰው ሁሉ የሰማውን ሲያወራ ከርሟል፤ እኔ ግን እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበርና ያየሁትን እጽፋለሁ።

የሳይንስ መምህሩ ደጄ ድረስ የመጣው ለጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የላስታን ብርድ ያልለመደ፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚሄድ። ምድጃ አውሱኝ አለኝ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ወርጄ ንፍሮ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ምድጃዬን ለእህቴም አላውስም። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ጠየቅኩት። ለሰባተኛ ክፍል የተግባር ፈተና ሊሰጥበት ነው። ልጆቹ ውሃ ሲፈላ ሙቀቱን ለክተው ይጽፋሉ። ትምህርት ቤቱ ድሮ የነበረው ማንደጃ፣ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ፣ ከነቁም ሳጥኑ ጠፍቷል። መለኪያዋን፣ ቴርሞሜትር የሚሏትን፣ እሱ ራሱ ከደሴ ገዝቶ በካልሲ ጠቅልሎ ነው ያመጣት። አንድ ብቻ ናት።

ምድጃው ከሄደ እኔም አብሬው እሄዳለሁ አልኩት። ሳቀና እሺ አለ።

ስለዚህ መምህር አስቀድሜ የምናገረው አለኝ። የሆነው ሁሉ ሆኖም ክፉ ሰው ነው አልልም። ከሱ በፊት የነበሩት ሳይንስን ከሰሌዳ ወደ ደብተር ያስገለብጡ ነበር። እሱ ልጆቹን ወደ ውጭ አወጣቸው። ጥላቸውን በገመድ አስለካቸው፤ ጠዋት አንዴ፣ ቀትር ላይ አንዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዴ። መስከረም ላይ የቀረችውን ዝናብ በባዶ ቆርቆሮ ተቀብለው በማስመሪያ ለክተው እንዲጽፉ አደረገ። ሁለት ድንጋይ ያመጣና የትኛው ይከብዳል ብሎ መጀመሪያ ግምታቸውን ያስጽፋቸዋል። ከዚያ በሚዛን ያስመዝናቸዋል። ግምታቸው ቢሳሳት እንኳ መሰረዝ ክልክል ነው። መሳሳት አያሳፍርም፣ የሚያሳፍረው ያላዩትን አየሁ ማለት ነው ይላቸዋል አሉ። መንደሩ ሳቀበት። ልጆቻችን ድንጋይ ሊያዩ ነው እንዴ ትምህርት ቤት የምንልካቸው፣ ድንጋይማ እዚሁ ሞልቷል አሉ።

እኔ አልሳቅኩም። ገበያ ውስጥ፣ ግርጌው ወደ ውስጥ በተደቆሰ ጣሳ እህል ከሚሰፍሩ ሰዎች ጋር ስጣላ ያረጀሁ ነኝ። ጣሳቸውን ቀምቼ ገልብጬ ለገበያተኛው ሁሉ አሳያለሁ። በዚህ የሚጠሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ ወጣት መጥቶ ልጆችን በትክክል መለካት ሲያስተምር ሳይ፣ ወገን አገኘሁ አልኩ።

የልጅ ልጄ ደግሞ ትምህርቱ ተጣባት። እናቷ አረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ድምፅዋን የምንሰማው በዓል በዓል ነው። ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በፊት ዝምተኛ ነበረች። ከመምህሩ መምጣት በኋላ ቤቱን ሁሉ ትለካው ጀመር። ባቄላው ከተጣደ ጀምሮ እስኪበስል የበራፉ ጥላ ከየት እስከ የት እንደሄደ በከሰል ታሰምራለች። ዶሮዋ እንቁላል የጣለችበትን ቀን ግድግዳ ላይ ትጽፋለች። የጎረቤት ላም ጠፋች ሲባል፣ መቼ ነው መጨረሻ ያየሃት፣ ወዴት ዞራ ነበር፣ አንተ ነህ ያየሃት ወይስ ሰው ነው የነገረህ እያለች ትልቁን ሰው ታፋጥጣለች። አንድ ሽማግሌ፣ ይቺ ልጅ ዳኛ ናት ወይስ ሌባ ፈላጊ ብለውኛል።

አሁን ነገሩ የቆመበትን ልናገር። በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ፣ ከየትምህርት ቤቱ በሳይንስ አንደኛ የወጣ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ዞኑ ከተማ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይላካል ተባለ። ምግቡ፣ አልጋው፣ መጽሐፉ እዚያው ነው። የኛ መንደር ትምህርት ስምንተኛ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ላሊበላ ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተሰነቀለት ነው የሚማር፤ እኛ ያን አንችልም። ሴት ልጅ ስምንተኛን ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በኛ አገር ነጋሪ አያስፈልገውም። ሽማግሌ ይመጣል። እኔን በአስራ ሦስት ዓመቴ ነው የዳሩኝ። እሷ እንዳትዳር ያለችኝ መንገድ ያቺ አንዲት አልጋ ነበረች።

በፈተናው ቀን ምድጃዬን አዝዬ ሄድኩ። ንፋስ በማይመታው የግድግዳ ጥግ አቀጣጥዬ ድስቱን ጣድኩ። መምህሩ መለኪያዋን በክር አስሮ፣ ክሩን ከእንጨት ላይ አንጠልጥሎ፣ የድስቱን ግርጌ ሳትነካ ውሃው ውስጥ እንድትቆም አደረጋት። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጣሉ። በርከክ ብለው ዓይናቸውን ከመስመሩ ጋር አስተካክለው ያያሉ፤ ከዚያ በየወረቀታቸው ጽፈው ይሰጣሉ። መነጋገር የለም። እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ የራሱን ወረቀት ይሞላል። በርከክ አለ ወይ፣ ውሃው እስኪንተከተክ ጠበቀ ወይ፣ ደግሞ አየ ወይ እያለ በየስማቸው ምልክት ያደርጋል።

እኔ ከሰሉን እየቆሰቆስኩ ልጆቹን አያለሁ። ገሚሱ ሽው ብሎ አይቶ ይጽፋል። ገሚሱ ጭራሽ አያይም፤ አንዱማ ወረቀቱን ሞልቶ ነው የመጣ።

የልጅ ልጄ ከጓደኛዋ ጋር ወጣች። ጓደኛዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አብረው ነው ያደጉ፣ ከክፍሉም አንደኛና ሁለተኛ የሚቀያየሩት እነሱ ናቸው። የኔዋ ተንበርክካ ጉንጯ መሬት ሊነካ ደረሰ። አየች። አልጻፈችም። ውሃው ሲገለባበጥ ጠበቀች፣ ደግማ አየች። ጓደኛዋም አየችና በጆሮዋ «ዘጠና አንድ» አለቻት። ሰምቻለሁ። የኔዋ ራሷን ነቀነቀችና ጻፈች። ጓደኛዋ ግን ብዕሯን ይዛ ቆየች። ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ ወረቀቱ አየች፣ ከዚያ ቶሎ ጽፋ ሰጠች።

ነገሩ ገረመኝና እነሱ ሲሄዱ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊደልና ቁጥር በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምሬያለሁ። ቀዩ መስመር ከዘጠና አንዲት ሰረዝ አለፍ ብሎ ቆሟል። አናቱ ላይ ያለው መቶ ባዶውን ነው።

ከጥምቀት በኋላ ውጤት ተነገረ። ልጅቷ ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች። በዚያች በአንዲት ጥያቄ አምስት ነጥብ ተቀንሶባታል። ጓደኛዋ በሦስት ነጥብ በልጣታለች። መልሱ መቶ ነው ተብሏል።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ ብቻውን ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሳየው የምመጣበትን ቀን ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። ሁለት ወረቀት አወጣ። አንዱ የዚያን ቀን ቆሞ ሲሞላው የነበረው ነው። የልጅ ልጄ ስም አንደኛ ላይ አለ።

«በኔ ወረቀት አንደኛ ናት እማማ» አለኝ። «የኔ ወረቀት ግን አይላክም። የሚላከው በዚህኛው የታረመው ነው።»

ሁለተኛው ከወረዳ የመጣ የማረሚያ ቁልፍ ነው። ልጁ እንዴት እንዳየ፣ ስንቴ እንዳየ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል፤ መቶ። ያ ብቻ።

መለኪያዋ ተበላሽታ መስሎት እንደነበር ነገረኝ። ያን ጊዜ የማውቀውን አልኩት። ወጣት ሳለሁ ቆቦ ቆላ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ባቄላ ጥዶ እንጨት መልቀም ሳይጨርሱ ይበስላል። ያንኑ ባቄላ እዚህ ደጋ አምጥቼ ስጥደው እንጨቱ ያልቃል፣ ባቄላው ጥርስ ይሰብራል። ውሃው ይንተከተካል፣ ይጮሃል፣ ግን አቅም የለውም። የደጋ ውሃ ሲፈላም ብርድ ይዞታል እንላለን እኛ ንፍሮ ቀቃዮች። መምህሩ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ከፍታ ላይ አየር እንደሚሳሳ፣ አየር ሲሳሳ ውሃ ሙቀቱ መቶ ሳይደርስ እንደሚፈላ፣ ይህንንም ዩኒቨርሲቲ ተምሮት እንደነበር፣ እዚህ ቆሞ ሲያየው ግን እንዳልታሰበው ነገረኝ።

«እርስዎ ይህን ከየት አወቁት?» አለኝ።

«ከእንጨቱ ማለቅ» አልኩት። «እንግዲያው ውጤቷን ያስተካክሉላት።»

አይችልም። ቁልፉን መለወጥ የሱ ሥልጣን አይደለም። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ስለው የቆየሁትን ሰው አንተ አልኩት።

«ያየሽውን ጻፊ ብለህ ያስተማርካት አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«የቀነስክባትስ?»

«እኔው ነኝ እማማ።»

ደብዳቤ ጻፈልኝ። የመለኪያዋን ነገር፣ የከፍታውን ነገር ሁሉ አብራርቶ ጻፈ። ርዕሰ መምህሩ ማኅተም አልመታበትም አለ፤ ከላይ የመጣን ቁልፍ በሚነቅፍ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ማሳረፍ ራስን ማስመታት ነው አለ። ስለዚህ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ከተማ ወረድኩ።

ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተቀበለኝ ጎልማሳ ባለሙያ ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል አለ። እንግዲያው እዚሁ እንለካ አልኩት። ከበስተኋላው ሻይ የምታፈላ ሴት ማንቆርቆሪያዋ ይጮሃል። ያውልህ ውሃ፣ መለኪያ አምጣ አልኩት። ሴትዮዋ ሳቀች። እሱም ሳቀና መለኪያ እንደሌለው ነገረኝ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ አወጣ፣ ገጹን ፈለገ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«በባሕር ጠለል ላይ መቶ ዲግሪ ነው የሚለው» አለ ቀስ ብሎ። «ቁልፉ ላይ ባሕር ጠለል የሚለውን ትተውታል።»

«ላስታ ባሕር አለ እንዴ?» አልኩት።

«የለም እማማ።»

የተሳካልኝ መሰለኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ልነሳ ነበር። እሱ ግን መጽሐፉን ዘግቶ እጁን ላዩ ላይ አደረገ። ለአንዷ ካስተካከልኩ ለሁሉም ነው የማስተካክለው አለኝ። መቶ ብለው የጻፉት ሁሉ አምስት አምስት ይቀነስባቸው ማለት ነው። ይቀነስባቸው አልኩ፤ ያላዩትን ነው የጻፉት።

«እንዲያዩ ማን ሰጥቷቸው?» አለኝ። «ከዚህ እስከ ኩልመስክ ማዶ ስንቱ ትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ያለው ይመስልዎታል? ብዙዎቹ ይህን የተግባር ፈተና የተፈተኑት ያለ ውሃ ነው። ድስትም እሳትም የለም፤ ወረቀት ብቻ። ከመጽሐፍ የተነገራቸውን ጻፉ። እነዚያ ልጆች ምን አጠፉ?»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጣሳ ስገለብጥ ኖሬ፣ መለኪያ አይቶ ስለማያውቅ ልጅ አስቤ አላውቅም ነበር። ለከርሞ ቁልፉ እንዲስተካከል በሪፖርቱ እንደሚያነሳው ነገረኝና በቁራጭ ወረቀት ጻፈ። ቁራጩን የት እንዳስቀመጠው አላየሁም።

መንደር ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ጎረቤቴ፣ የጓደኛዋ እናት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ግድግዳችን አንድ ነው። እሳት እንጫጫራለን፤ ስታመም ውሃ የምትቀዳልኝ እሷ ናት። ጀሪካኗን ከጀርባዋ ሳታወርድ ደጄ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እትዬ፣ ከወረዳ መጡ አሉ» አለችኝ።

«መጣሁ።»

«የኔን ልጅ ሊያስጥሉ ሄደው?»

ልጅሽን አይደለም፣ የተሳሳተ ወረቀት ሊስተካከል ነው አልኳት። የከፍታውን፣ የአየሩን፣ የባቄላውን ነገር እያስረዳሁ ብዙ ተናገርኩ። አላቋረጠችኝም።

«እኔ ውሃ በስንት እንደሚፈላ አላውቅም» አለች ስጨርስ። «አንቱ አንድ የልጅ ልጅ አለዎት። እኔ አንድ ልጅ አለችኝ። አልጋው አንድ ነው። ይህን አውቃለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳት ሲጠፋብን ሁለታችንም ክብሪት እንገዛ ጀመር። ምንጭ ላይ ሴቶቹ ሲያዩኝ ዝም ይላሉ። ገበያ ውስጥ ደግሞ ያ ጣሳውን የገለበጥኩበት እህል ሻጭ ቂሙን ተወጣ። ንፍሮ ሊገዛ መስሎ ይመጣና፣ ሰው እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እማማ፣ የዛሬው በዘጠና አንድ ነው የበሰለ በመቶ?» ይለኛል። ሰው ይስቃል። የሚስቁትን አልጠላኋቸውም፤ እኔ ብሆንም እስቅ ይሆናል።

ስም ዝርዝሩ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ መምህሩ ቤቴ መጣ። አልቀመጥም አለ። ልጅቷ ጥግ ላይ ለቅዳሜ የሚሆን ባቄላ ትለቅማለች። እሱ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ በወረቀቱ ላይ ተሳትፎና ንጽሕና የሚል አምስት ነጥብ እንዳለ፣ ያንን የሚሞላው እሱ እንደሆነ፣ ለሁሉም ልጅ አንድ አንድ ብቻ እንደሰጠ ነገረኝ። ለልጅቷ አምስቱንም ቢሰጣት ጓደኛዋን በአንድ ነጥብ ትበልጣለች። ማንም አይጠይቅም። ጠዋት ፈርሞ ይልከዋል።

ገባኝ። ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። መምህሩ የቀማውን ሊመልስ ነው የመጣ፤ በበሩ ስላልሆነለት በጓሮ ሊመልስ።

«ተሳትፎዋ ከጓደኛዋ ይበልጣል?» አልኩት።

«እኩል ናቸው።»

«እንግዲያው ይሄ ጣሳም ግርጌው የተደቆሰ ነው» አልኩት። «እሷ የምትፈልገው የራሷን አምስት ነው። ዘጠና አንድ ትክክል ነው ብለህ ጽፈህ ፈርም፣ እቀበልሃለሁ። ምጽዋት ግን ከቤቴ አይገባም።»

እንደዚያ ብዬ መለስኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ስናገረው ደስ ብሎኝ ነበርና። እሱ እንደ ጥፋተኛ አቀርቅሮ ቆሞ፣ «እማማ፣ ነገ ይላካል እኮ» አለኝ። ይላክ አልኩት። ወጣ።

ባቄላ የሚለቅሙት እጆች ቆመው ነበር። ያን ጊዜ ዞር ብዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። አልጋው የሷ ነበር። ትዳሩ የሚጠብቀው እሷን ነበር። እኔ ግን በእጄ ላይ የነበረውን ሚዛን ብቻ አየሁ። ስለ ሰው ሁሉ መብት ስጮህ ኖሬ፣ በቤቴ ውስጥ ያለችውን ልጅ አንዲት ቃል አልጠየቅኳትም። ይህንን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸው ኃጢአት አይደለም አሉኝ። እንግዲህ ስሙን እኔም አላውቀውም።

ዝርዝሩ ተላከ። ጓደኛዋ ተመረጠች።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ጓደኛዋ ልትሰናበተኝ መጣች። እናቷ አልመጣችም። ጉልበቴን ሳመች፤ እኔም መረቅኳት። እውነተኛ ምርቃት ነው የመረቅኳት፤ ልጅ ምን አጠፋ። ከዚያ መሄድ አቅቷት ቆመች።

«እማማ፣ እኔም አይቼዋለሁ እኮ» አለችኝ። «ዘጠና አንድ ነበር። መጽሐፉን ፈራሁት።»

አውቃለሁ ልጄ አልኳት። የልጅ ልጄ እዚያው ነበረች። ጓደኛዋን እስከ መንገዱ ሸኘቻትና ተመልሳ ቦርሳዋን አንስታ ማጥናት ጀመረች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲህ በበራፉ ላይ የሚሰመር ጥላ የለም። ዶሮዋ እንቁላል ስትጥል ግድግዳው ላይ የሚጽፍ የለም። መምህሩም ልጆቹን ወደ ውጭ ማውጣቱን ተወ። መለኪያዋ በካልሲዋ ተጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ናት አሉ። ዝውውር ጠይቋል፤ ከተገኘለት ለመስከረም አይኖርም።

መጋቢት ላይ ከመጽሐፉ የቤት ሥራ ሰጣቸው። አሥር ፍሬ ባቄላ በቆርቆሮ አፈር ውስጥ ዘርቶ፣ በየቀኑ ስንቱ እንደበቀለ ሰንጠረዥ ላይ መሙላት ነው፤ ሰባት ቀን። ልጅቷ ከጆንያዬ ግርጌ አሥር ፍሬ ቆጥራ ወሰደች። ቆርቆሮውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ውሃ አጠጣችው። እኔ በልቤ፣ እንግዲህ ተመለሰች አልኩ። በማግስቱ ደብተሯ ክፍት ሆኖ አገኘሁትና አየሁ። ሰንጠረዡ ሙሉ ነው። አንደኛ ቀን ዜሮ፣ ሁለተኛ ቀን ዜሮ፣ ሦስተኛ ቀን ሁለት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባተኛ ቀን ዘጠኝ። በንጹሕ ጽሕፈት፣ በማስመሪያ ተሰምሮ።

«ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?» አልኳት።

«ሁለተኛ።»

«ታዲያ ሰባተኛውን እንዴት አወቅሽው?»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ አለ።»

«ካልበቀለስ?»

ቀና አለች። ቁጣ የለባትም፤ ለትንሽ ልጅ እንደምታስረዳ ነው የነገረችኝ።

«ቢበቅልም ባይበቅልም ያው ነው እምዬ። የሚታረመው ወረቀቱ ነው።»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ያየሽውን ጻፊ ልበላት? ጽፋ ነበር። አትዋሺ፣ ሐቅ ይክሳል ልበላት? ያን ሐቅ በሷ ዋጋ የገዛሁት እኔ ነኝ። ደብተሩን ዘግቼ ሰጠኋት።

ሰንጠረዡ ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ታረመ። አሥር ከአሥር፤ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ በጣም ጥሩ ተብሎበታል። መምህሩ ቀኑን ሳያይ ቀርቶ ነው ብዬ ለማመን ሞክሬ ነበር። አይቶታል፤ እሱ የማያይ ሰው አልነበረም።

በሰባተኛው ቀን እኔ ወደ መስኮቱ ሄጄ ቆርቆሮውን አየሁ። ባቄላው የከረመ ነው፣ ነቀዝ ነክቶታል። ሦስቱ በቅለዋል። አንዱ ገና አፈሩን ተሸክሞ ጎብጦ ነው። የቀሩትን በጣቴ ቆፍሬ ሳያቸው ሻግተው ነበር። ልጅቷ መደብ ላይ ተቀምጣ ለሌላ ፈተና መጽሐፍ ትሸመድዳለች። ነይ እስቲ እይው፣ ሦስት ነው የበቀለው አልኳት።

«አየሁት» አለች፤ ዓይኗን ከመጽሐፉ ላይ ሳታነሳ።